ቀብተን አልነበር?

አባቴ በር ቆልፎ በአንድ ጊዜ ሄዶ አያውቅም ነበር። ይቆልፋል፣ አምስት እርምጃ ያህል ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ቁልፉን ይዞ ይነቀንቃል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። እናቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ "ዛሬ ሦስት" ትላለች፤ እኔ "አራት" እላለሁ፤ እንወራረዳለን፤ መቆለፉ ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ጆሃንስበርግ የሚኖር ሰው በር ቢፈትሽ አይፈረድበትም። አባቴ ግን ያጠፋውን ምድጃም፣ የዘጋውን የውሃ ቧንቧም፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ፔፐር የምንለውን የመኖሪያ ወረቀቱንም እንደዚያው ነበር የሚፈትሸው። "አባዬ፣ እርጅና መጣ እኮ" እያልኩ ስቄበታለሁ። አፌ ከድሮም አያርፍም።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ነው። ያመጣሁበት እኔ ነኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፎርድስበርግ ውስጥ ከአንክል ዩሱፍ ግቢ በስተጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እንኖራለን የምለው እኔና እናቴን ነው፤ አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ውሎው አዳሩ ከከተማው ውጭ ባለው የድሆች ሰፈር፣ ኦሬንጅ ፋርም ነበር። እዚያ አጎቴ ላምቤቦ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው ዳቦ፣ ፓራፊን የሚሉትን ነጭ ጋዝና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ፤ ደንበኞቹ ሁለቱንም "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሏቸው፣ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። አባቴን ከሆሳዕና ያስመጣው አጎቴ ነው። በእኛ ሰዎች ዘንድ ያስመጣህ ሰው ሱቅ ውስጥ ትቆማለህ፤ እሱ ራሱ "በል፣ አሁን የራስህን ሞክር" እስኪልህ ድረስ ወዴትም ውልፍት የለም። አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቅም የለም። አባቴ አናጢ ነበር። ይህን የማውቀው አልጋ ስር ከምትቀመጥ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ መሮዎቹና ትንሿ መላጊያው በጨርቅ ተጠቅልለው ያሉባት።

ሚያዝያ ላይ ሌቦች ሱቁ ገብተው አጎቴን ጭኑ ላይ በጥይት መቱት። ሆስፒታል ከረመና ወደ እኛ ክፍል አመጡት። የእናትና የአባቴ አልጋ ለእሱ ተሰጠ፣ መጋረጃ ተጋረደ፣ እኛ ሦስታችን ወለል ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ሱቁ ተዘጋ። አባቴ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አስፈራኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁ መጡ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ ወሬው ተጀመረ። አጎቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ "ፊቱን ሸፍኗል፣ ድምፁን ግን አልስተውም" አለ። "በየጠዋቱ ግማሽ ዳቦ የሚገዛን ልጅ ነው።"

"ታዲያ ለፖሊስ አትናገርም?" አሉት አንድ ሽማግሌ።

"ተናግሬ ሱቁን ተሸክሜ የት ልሄድ ነው?"

"እና ዝም ብሎ መሞት ነው?"

አንዱ ወደ አባቴ ዞሮ "አንተስ ኤርጫፎ? ሱቁ ሲከፈት የምትቆመው አንተ ነህ" አለው።

"እኔ የማደርገውን አውቃለሁ" አለ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጫማ እየጠረግሁ ጥግ ላይ ነበርኩ። የሁላችንንም የእሁድ ጫማ የምቀባው እኔ ነበርኩ፤ ኃላፊነቴ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው የገዛ እጁን እያየ ነው።

በማግስቱ ማለዳ፣ አጎቴ መድኃኒቱ አደንዝዞት እያንኮራፋ፣ የተኛሁ መስዬ እናትና አባቴ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"ለጋሼ ላምቤቦ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለ አባቴ። "ካለቀ በኋላ ይስማ።"

"ቢበላሽስ?"

"አይበላሽም። እጄን አምነዋለሁ።"

እናቴ "እንግዲያው ሦስት ቀን ጾም ጸሎት እይዛለሁ" አለች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአንክል ዩሱፍ ጋራዥ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አንክል ዩሱፍ ቀጭን፣ ነጭ ጢማም ሽማግሌ ናቸው፤ ጠመንጃ የሚጠግኑ። ከእርሻና ከአደን የሚመጡ ትላልቅ ነጮች ረጃጅም ቦርሳ ይዘው ሲገቡ ሲወጡ አያለሁ፣ ግን ጋራዡ ለእኔ ክልክል ነበር። በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ከፊቱ ሞርሳ ላይ፣ በጨርቅ ተደግፎ፣ የጠመንጃ ሰደፍ ታስሯል፤ ረጅም፣ ቡናማ፣ የሚያምር እንጨት። አጠገቡ ፎጣ ላይ አፈሙዙና ጥቁሩ ብረት ለብቻው ተጋድሟል። አባቴ በትራፓኖ እንጨቱን ይበሳል፤ ቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሩ ላይ ይወድቃል። አንክል ዩሱፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ "ቀስ፣ ቀስ" ይላሉ።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አባቴ ጠመንጃ እያዘጋጀ ነው። ዳቦ የሚገዛውን ልጅ ሊገድለው ነው። ከዚያ ፖሊስ ይወስደዋል፤ ፔፐሩን ይቀሙታል፤ እስር ቤት ያረጃል። ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ግድግዳው ጥግ ተንበርክካ ትጸልያለች። "ጌታ ሆይ፣ እጁን አጽናለት። አይንቀጥቀጥ። ዓይኑን አጥራለት።" እናቴም አውቃለች ማለት ነው። የሚያስቆመው ሰው እንደሌለ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ እራቴን አልበላሁም።

አሁን ነገሩን ላስተካክል፣ እኔ ካላስተካከልኩት ማን ያስተካክለዋል። ጠመንጃው የአንድ ገበሬ ነበር፤ ከአያቱ የወረሰው የአደን ጠመንጃ። ጥይት የሚያቀባብለው ብረት ወልቆ አንክል ዩሱፍ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል፤ በዚያ ጠመንጃ ዝንብም መግደል አይቻልም። የአንክል ዩሱፍ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና የእንጨቱን ሥራ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገዋል። አባቴ የግቢያቸውን የተሰበረ በር ሲጠግን አይተውታል። "ይህን ብቻህን ሥራልኝ" አሉት። "ካማረ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንስቶ እኔ ጋ ነህ።" ፈተና ነበር። ካለፈው ከፍርግርጉ ጀርባ ይወጣል፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ለአጎቴ ያልነገረውም ለዚህ ነው፤ ያስመጣህ ሰው ቆስሎ ተኝቶ ሳለ ሱቁን ጥዬ ልሄድ ነው አይባልም። እርግጠኛ ሳይሆን መናገር አልፈለገም። እናቴ ስትጸልይ የነበረው ለትራፓኖው ነው።

ሥራው ምን እንደሆነም ኋላ ተረድቻለሁ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙት ብሎኖች ሲጠብቁ ደግሞ ይጨመቃል። ስለዚህ ጠመንጃው ትናንት የመታውን ዛሬ ይስታል። መድኃኒቱ ብሎኖቹ የሚያልፉባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች አስፍቶ በእያንዳንዱ ውስጥ አጭር የአሉሚኒየም ቱቦ እንደ ምሰሶ መትከል ነው። ከዚያ ብረት በብረት ላይ ይጠብቃል፣ እንጨቱ ያርፋል። በመጨረሻ ብረቱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ በጠንካራ ሙጫ ለብጦ ብረቱን እላዩ ላይ ማስቀመጥ፤ ሙጫው ሲደርቅ የብረቱን ቅርጽ ልቅም አድርጎ ይይዛል።

ቱቦዎቹን ሐሙስ ተከላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻው ሙጫ ነበር። እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ከስቻለሁ፤ ትምህርት ቤት መምህሯ ስትጠራኝ አልሰማም፣ ፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ሽንቴ ይመጣል። የሰንበት ትምህርት ቤት ግድግዳችን ላይ በትልቁ "አትግደል" የሚል ተለጥፎ ነበር፤ ፊደሎቹን በቀይ እርሳስ የቀባሁት ራሴ ነኝ።

ቅዳሜ አባቴ ራሱ ጠራኝ። "ፊቤ፣ ያንን ቀለም የሌለውን የጫማ ቅባት አምጪልኝ። ፕላስቲሲንሽንም።"

ይዤለት ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ። አንክል ዩሱፍ "ትግባ፣ ትግባ" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። የዘይትና የስፒሪት ሽታ ነበር። አባቴ ፕላስቲሲኔን፣ የምጫወትበትን ባለ ቀለም ጭቃ፣ በጣቱ እያሸ የብረቱን ትናንሽ ቀዳዳዎች ደፈነ፣ የእንጨቱን ጠርዝ በፕላስተር ሸፈነ። ፊቱ የማላውቀው ፊት ነበር፤ ግንባሩ ፈታ ብሏል፣ ከንፈሩ መዝሙር ያጉረመርማል። ሰው ሊገድል የተነሳ ሰው እንዴት ይዘምራል ብዬ የባሰ ፈራሁ።

"አንቺ ከእኔ ትበልጫለሽ በዚህ" ብሎ ለስላሳ ጨርቅ ሰጠኝ። "እንደ ጫማ አድርገሽ። ስስ፣ ግን አንዲት ቦታ እንዳትቀር።"

አንክል ዩሱፍ ለሶላት ሊታጠቡ ወጡ፤ እኛ አብረን ቀባን። እሱ የብረቱን ሆድ፣ እኔ ብሎኖቹን። ከዚያ ተለዋወጥን፣ እኔ የቀባሁትን እሱ ደገመው። ሲደርቅ ወለወልነው፤ ምንም የተቀባ አይመስልም።

"ለምንድን ነው የምንቀባው?" አልኩት።

"ሙጫው ብረቱን እንዳይዘው። ይህ ከሌለ እንጨቱና ብረቱ አንድ ይሆናሉ። ከዚያ በመዶሻም አይላቀቁም፤ ጠመንጃው አለቀለት።"

ታጥበው የተመለሱት አንክል ዩሱፍ ፈገግ ብለው በእንግሊዝኛ "አባትሽ ሲጨርስ ይህ ጠመንጃ ከመቶ ሜትር ላይ የአምስት ራንድ ሳንቲም ይመታል" አሉኝ። ዳቦ የሚገዛው ልጅ ግንባር ላይ የተለጠፈ ሳንቲም ታየኝ።

ልክ ያኔ አጎቴ ከክፍላችን ተጣራ። "ኤርጫፎ!" ሽንት ቤት የሚወስደው ሰው ይፈልጋል፤ እናቴ ገበያ ናት። አባቴ እጁን ጠረገ። "እንዳትነኪ" አለኝና ወጣ። አንክል ዩሱፍ ሰዓታቸውን አዩ፣ ምንጣፋቸውን ጥግ ላይ ዘረጉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ለሶላት ቆሙ።

ጠረጴዛው ላይ አባቴ እንጨቱን ያጠበበት ስፒሪት፣ ቅባት የሚያስለቅቀው አልኮል፣ ከነጨርቁ ነበር። ሽማግሌው ቆመው ሳሉ አልነካሁም። ጎንበስ ሲሉ ጨርቁን አነሳሁ። ግንባራቸው መሬት ሲነካ የብረቱን ሆድ ጠረግሁ። ቀና ሲሉ ጨርቁን አስቀምጬ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ደግሞ ሲሰግዱ ብሎኖቹን፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ጠመዝማዛ ጥርሳቸው ድረስ። ሦስት ጊዜ ጠረግሁት። ጠርጌ ስጨርስ ብረቱ እንደ በፊቱ ነው፤ አንዳች ልዩነት የለውም። "ጌታ ሆይ፣ አባዬን አስጥልልኝ" እያልኩ ነበር፤ ሁለት ሰው በአንድ ጋራዥ ውስጥ እንጸልያለን።

አባቴ ተመለሰ። ሙጫውን ቀላቀለ፣ በትንሽ እንጨት እየጠነቆለ ጎድጓዳው ውስጥ አስተካክሎ ደለደለው። ብረቱን አንስቶ አየው፤ በብርሃኑ በኩል አዞረው። ከዚያ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ሙጫው በጎንና በጎን ሹልክ እያለ ወጣ፣ ጠረገው፣ ብሎኖቹን በጣቱ ብቻ አጠበቀ። አንክል ዩሱፍ ጎንበስ ብለው ዙሪያውን አዩና "ንጹህ ሥራ" አሉ። አባቴ ሳቀ። ጥርሱን አሳይቶ ሲስቅ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ? በጣቴ ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ።

እሁድ ከአምልኮ እንደተመለስን ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ጋራዡ ገባ። ተከተልኩት፤ ማየት ነበረብኝ። የመጀመሪያው ብሎን አልዞር አለ። መፍቻ ቀየረ። "ትንሽ ይዞት ይሆናል" አለ በአማርኛ፣ ለራሱ። ሁለተኛውም አልዞር አለ። አፈሙዙን ይዞ በጎማ መዶሻ ከስር መታ መታ አደረገ። ድምፁ ደረቅ ነበር፣ የአንድ ወጥ ነገር ድምፅ። አንክል ዩሱፍ ከወንበራቸው ተነሱ።

ብርድ ብረትን ያኮማትራል፣ አንዳንዴ ያላቅቃል አሉ። የባለቤታቸውን የወይዘሮ ሰሚያን ትልቁን ፍሪዘር ከፈትን፤ የሳምቡሳና የሥጋ ፌስታሉን ወዲያ ወዲህ አድርገው ጠመንጃውን መሃል አጋደሙት። ወይዘሮ ሰሚያ በር ላይ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፍሪዘሩ አጠገብ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ላቡ ይወርዳል፤ የእሁድ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም።

ሲያወጡት በረዶ ሸፍኖታል። አባቴ መታ። እንደገና መታ። አንክል ዩሱፍ እጁን ያዙት። "በቃ፣ ልጄ። ተዋህዷል። እንጨቱ በመጋዝ ነው የሚወጣው።" ከዚያ ቀስ ብለው "ቅባቱን ረስተኸዋል" አሉ።

"ቀብቻለሁ" አለ አባቴ በዚያ በሱቅ እንግሊዝኛው። "ቀብቻለሁ። ሁለት ጊዜ።"

"ከቀባህማ ይለቅ ነበር።"

አባቴ እጁን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ፊቤ፣ ቀብተን አልነበር? አንቺ ነሽ እኮ ያመጣሽው።"

አንክል ዩሱፍም አዩኝ። አማርኛው ባይገባቸውም ጥያቄው ገብቷቸዋል። እውነቱን ብናገር አዲስ ሙጫ ይቀላቅላሉ፣ ሌላ ጠመንጃ ያመጣሉ፣ ልጁ ይሞታል፣ አባቴ ይታሰራል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት።

"ቆርቆሮውን አምጥቻለሁ" አልኩ። "ግን አልቀባንም። ልንቀባ ስንል አጎቴ ጠራህ። ስትመለስ ረሳኸው።"

ከዚያ፣ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ከእሱ ይሻል ነበርና፣ ለአንክል ዩሱፍ ተረጎምኩላቸው። ማንም አላዘዘኝም።

አባቴ "እ" አለ። ባልዲው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አንክል ዩሱፍ ደግ ሰው ነበሩ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "እጅህ ወርቅ ነው" አሉት። "ግን ይህ ሥራ የሚረሳ ሰው አይችለውም። በጠመንጃ የሚረሳ ሰው አንድ ቀን ሰው ያስገድላል።" አባቴ "ልክ ነዎት" አለ።

ሰኞ ጠዋት በታክሲ ወደ ኦሬንጅ ፋርም ሄደ፣ ሱቁን ሊከፍት። አጎቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ መረቀው። ሻንጣውን ሁለት ጊዜ ፈትሼለታለሁ፤ ጠመንጃ የለበትም። በር ላይ ቆሜ እጄን እያውለበለብኩ ሸኘሁት። አባቴን ከነፍስ ግድያ ያዳንኩ ጀግና ነበርኩ። ታክሲው ውስጥ ከገባ በኋላ ወረደና ተመልሶ መጣ። "የክፍሉን ቁልፍ ከበሩ ላይ አውጥቼዋለሁ?" አለ። በእጁ ይዞታል።

አሥራ አምስት ዓመት ቆመ እዚያ። አጎቴ ድኖ እያነከሰ አንድ ሁለት ዓመት ሠራ፣ ሱቁን ለአባቴ ለቆለት አገሩ ገባ። ያ ግማሽ ዳቦ የሚገዛው ልጅ ሌላ ቦታ ሄደ ተባለ፤ ማንም አልገደለውም፣ ይህም ለእኔ ማስረጃ ነበር። ሱቁ በነዚያ ዓመታት ሁለቴ ተዘረፈ። አንዴ አባቴ ከጣሪያው ቆርቆሮ ስር ገብቶ ግማሽ ቀን ተደብቋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አናጢነቱን ሰምተው ሰባኪ የሚቆምበት ምስባክ እንዲሠራላቸው ሲለምኑት "እጄ ከድቶኛል" ብሎ እምቢ አለ። ትሕትና መስሎኝ ነበር። የቆርቆሮ ሳጥኗን ቤት በቀየርን ቁጥር ይዟት ይዞራል፤ ከፍቷት ግን አላየሁም። አንክል ዩሱፍ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ባለፈው መስከረም የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን መለወጫ የምስጋና ፕሮግራም ነበረን፣ ሜይፌር ውስጥ በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ። መሪው "ምስክርነት ያለው ይምጣ" አለ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ሥራ ይዣለሁ፣ አፌ አያርፍም። ተነሳሁ። ማይክራፎኑን ይዤ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የአጎቴን ጭን፣ ጋራዡን፣ ቅባቱን፣ ስፒሪቱን፣ የሽማግሌውን ሶላት። ጥሩ ተራኪ ነኝ፤ ሰው አለቀሰ፣ ሳቀ። "ጌታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ተጠቅሞ የአባቴን እጅ ከደም ጠበቀ" አልኩ። "ይኸው ዛሬ መካከላችሁ ተቀምጧል።"

አዳራሹ በሃሌ ሉያ ተናጋ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞሮ ያጨበጭባል። አባቴ እንደ መነሳት ብሎ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ፣ ለሁሉም "አሜን" አለ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

ስወርድ ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ። እናቴ በለጥሽ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም። "ማንን ሊገድል? አባትሽ? ፈተና ነበር እኮ። አንክል ዩሱፍ ሊቀጥሩት። ከዚያ ሱቅ ሊወጣ ነበር" አለችኝ። ከዚያ "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ 'ቀብቼው ነበር፣ ቀባሁት እኮ፣ ወይስ አልቀባሁም' እያለ ከእንቅልፉ ይነሳል" አለች። ግድግዳውን ተደገፍኩ። በዓመታት ውስጥ የሳቅሁባቸው በሮች ሁሉ መጡብኝ።

መኪና ውስጥ ገባን፤ እናቴ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። አባቴ ቁልፉን ሰክቶ አላስነሳም። ፊት ለፊት የትምህርት ቤቱን አጥር እያየ ነበር።

"አባዬ" አልኩ፣ "ይቅር…"

እጁን አነሳ። "ቆይ። ቆይ አንድ ጊዜ።" ድምፁ የሚያስብ ሰው ድምፅ ነበር። "ብሎኖቹንም ጠርገሻቸው ነበር?"

"ብሎኖቹንም።"

"በስፒሪቱ?"

"በስፒሪቱ። ሦስት ጊዜ።"

"ሁለቱንም ብሎን።"

"ሁለቱንም፣ አባዬ።"

እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ። ብዙ አያቸው። እናቴ ከኋላ እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈች።

"ቀብቼ ነበር ማለት ነው" አለ።

አልቅሼ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ልጅ ነበርሽ" አለኝ። ከዚያ መኪናውን አስነሳ። እስከ ቤት ድረስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ አፌን ዘጋሁ።

ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እኔና እናቴ ወርደን ደረጃው ላይ ቆምን፣ እንደ ልማዳችን ልንጠብቀው። አባቴ መኪናውን አስገባ፣ የግቢውን በር ዘጋ፣ ቁልፉን አዞረ። ወደ እኛ መጣ። አምስት እርምጃ ሄደ፣ ስድስተኛውን ረገጠ፣ በአጠገባችን አልፎ ወደ ቤት ገባ። ቆይቶ ከመኝታ ቤት የቆርቆሮ ሳጥን ከአልጋ ስር ሲጎተት ተሰማ።

እናቴ ወደ በሩ እያየች "አንድ" አለች።